የማድረቂያ ክፍሉ መኖሪያ አይደለም

ኡልሪካ የአንሶላውን ቅርጫት በዳሌዋ ደግፋ ወደ ቤዝመንቱ ስትወርድ፣ ራሷ ጽፋ በጋራው የልብስ ማድረቂያ ክፍል በር ላይ የለጠፈችው ማስታወቂያ ግርጌ ላይ ሰው በእስክሪብቶ ጽፎበት አገኘች። «ታዲያ ልጁ የት ይሂድ?» ይላል። ፊርማ የለውም። ቅርጫቱን መሬት አስቀምጣ፣ አናቷ ላይ የሰቀለችውን መነጽር ወደ ዓይኗ አውርዳ ደግማ አነበበችው። ያናደዳት ጥያቄው አልነበረም፤ ጥያቄውንማ ገና ልብ አላለችውም። ያናደዳት በሰው ማስታወቂያ ላይ መጻፉ ነው። በዚህ ግቢ የሚኖር ሰው ቅሬታ ካለው የራሱን ወረቀት ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፋል እንጂ የኮሚቴውን ጽሑፍ አያቆሽሽም።

እዚህ በስዊድኗ ዬቭለ ከተማ፣ በዚህ ባለ አራት ፎቅ ቢጫ ሕንፃ ውስጥ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ፊት ለፊት አይጣላም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባብለው፣ ስለ በረዶው አንድ ሁለት ቃል ተነጋግረው ሁሉም ወደየበሩ ነው። ጠብ የሚባል ነገር ሁሉ የሚካሄደው በወረቀት ነው። «የማድረቂያውን ማጣሪያ ሳታጸዳ ጥለህ የሄድክ ሰው፣ ራስህን ታውቃለህ።» «ብስክሌትህን መግቢያው ላይ የምታቆም ጎረቤታችን፣ ሌሎቻችንም እግር አለን።» ከእነዚህ ወረቀቶች መሀል የሚናከሱትን የምትጽፈው የቤቶቹ ማኅበር ኮሚቴ ጸሐፊ ኡልሪካ ናት። ስሟን ግን አንድም ቀን ከሥር አስቀምጣ አታውቅም፤ «ኮሚቴው» ብላ ትዘጋዋለች። በዚህ ሙያዋ ትንሽ ትኮራለች። እውነቱ ይነገር ከተባለ ትንሽም አይደለም። የአሁኑን ባለፈው ሳምንት ኮምፒውተሯ ላይ ደጋግማ አርማ፣ ጮክ ብላ አንብባ፣ በራሷ ቀልድ ፈገግ ብላ ነው ያተመችው፦

«የማድረቂያ ክፍሉ መኖሪያ አይደለም። እዚህ እየገባህ የምትቀመጥ ሰው፣ ማን እንደሆንክ ታውቃለህ፤ እኛም እናውቃለን። ሌላው የሚከፍልበትን ሙቀት በነፃ መሞቅ ይብቃህ። ከሰኞ ጀምሮ በሩ ይቆለፋል። በአክብሮት፣ ኮሚቴው።»

«እኛም እናውቃለን» ያለችው ለማስፈራራት ነው እንጂ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ከገና በኋላ ከማድረቂያው ማሽን ጀርባ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ የተጨማደደ የብስኩት ላስቲክ ይገኝ ጀመር። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ባልና ሚስት ቤት የሌለው ሰው ገብቷል ብለው ጻፉ፤ አንዱ ደግሞ ሱሰኛ ነው አለ። ገብቶ ያየ ግን የለም፤ ወይም ያየም ቢሆን አይቶ እንዳላየ ሆኖ አልፏል። ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ለቡና የቀረበው ቀረፋ ዳቦ ሳያልቅ ወሰነ፤ በአራት ሺህ ክሮነር አዲስ ቁልፍ ተገጠመ። ይህ ቁልፍ የሚከፈተው የማጠቢያ ተራ ለያዘ ሰው፣ በያዘው ሰዓት ብቻ ነው። ኡልሪካ ዛሬ ሐሙስ ተራዋ ስለሆነ ተከፈተላት። ክፍሉ ባዶ፣ ንጹሕ፣ ሞቃት ነበር፤ አየችውና «እንዲህ ነው እንጂ» አለች።

አንሶላውን ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ከታ፣ ዱቄቱን ለክታ፣ ማስነሻውን ተጭና ስታበቃ ተመልሳ ጽሑፉን አየችው። ፊደሎቹ ተያይዘው፣ ወደ ቀኝ ጋደል ብለው፣ ዘርፋቸው የተጠቀለለ ነው። አሁን እንዲህ የሚጽፍ ሰው የለም። እንዲህ የሚጽፉት በድሮ ትምህርት ቤት በመምህር በትር የተማሩ ናቸው፤ በዚህ ሕንፃ ደግሞ እንደዚያ ያለች ሰው አንዲት ናት፤ ምድር ቤት በግራ በኩል የምትኖረው፣ ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ የወጣችው ጉንቮር። ኡልሪካ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጥ አድርጋ አነሳችና ደረጃውን ወጣች። ሥራ የምትጀምርበት ሰዓት ገና ነበር። በሳምንት አብዛኛውን ቀን ከማዘጋጃ ቤት የሚላክላትን የግንባታ ፈቃድ የምትመረምረው እዚሁ ቤቷ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ነው። ለምሳ ሾርባ የሚሆነውን አተር ከትናንት ጀምሮ ዘፍዝፋዋለች፤ ማታ ለልጇ ፓንኬክ ትጋግርለታለች፤ በዚህ አገር ሐሙስ ሐሙስ የሚበላው ይኸው ነውና።

ልጇ ሜልከር ጠዋት እንደ ወትሮው ቦርሳውን አንግቶ «ሄድኩ» ብሏት፣ «እሺ፣ በርታ» ብላው ወጥቷል። ቤቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አባትየው ሌላ ከተማ ሌላ ቤተሰብ አለው። ሜልከር ባለፈው ኦክቶበር ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። ከዚያ በፊት ከክፍል በቀረ ቁጥር ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣ ነበር፤ በልደቱ ማግስት መልእክቱ ቆመ። አዋቂ ሆኗላ! ትምህርት ቤቱ ከእንግዲህ የሚነጋገረው ከእሱው ጋር እንጂ ከእናቱ ጋር አይደለም፤ ሕጉ እንደዚያ ነው፤ ሕጉንም ኡልሪካ ታውቀዋለች። ይሁንና የስልኩን ዝምታ ቀስ በቀስ የልጁ መሻሻል አድርጋ ወሰደችው። «ሜልከር እኮ ሰው ሆነ፣ ድምፁ እንኳን አይሰማም» ብላ ለእህቷ ስትነግራት ደስ እያላት ነበር።

ጉንቮር በሩን የከፈተችው ግማሹን ብቻ ነው። ሹራቧ ላይ ፍርፋሪ አለ፤ ከኋላዋ ሬዲዮ ዝቅ ብሎ ያወራል።

«ጉንቮር፣ ይሄ ያንቺ እጅ ጽሕፈት ነው» አለች ኡልሪካ፣ ወረቀቱን አፍንጫዋ ሥር ዘርግታ።

«እሰይ። ዓይንሽ ደህና ነው ማለት ነው።»

«የኮሚቴው ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም።»

«እሺ። ሌላ ጊዜ በሌላ ወረቀት እጽፋለሁ።» ጉንቮር በሩን መግፋት ጀመረች፤ ኡልሪካ ግን እግሯን አስቀደመች። በዚህ ሕንፃ ውስጥ በሰው በር ላይ እግር ማስቀደም ምን ያህል ነውር እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ኡልሪካ ራሷ ደንግጣ እግሯን መልሳ ሰበሰበችው። አፏን ግን አልሰበሰበችውም። ሰውየውን የምታውቂው ከሆነ ለኮሚቴው መናገር ነበረብሽ፣ አለች። ልጁ ልጁ ትያለሽ፤ የማን ልጅ ነው? እናት አባት ካለው ሄዶ እነሱን ያስቸግር። ደግሞስ ምን ዓይነት እናት ናት ልጇ በሰው ቤዝመንት ሲያድር ሲውል የማታውቅ? እንዲህ ያለውን አንዴ ካስለመድሽው አይወጣልሽም፤ ዛሬ የሙዝ ልጣጭ ነው፣ ነገ መርፌ ነው የምናገኘው። እኛም እኮ ልጅ አሳድገናል፤ የኔን ልጅ እንደምታይው ነው፤ ማንንም አያስቸግርም።

«ድምፅሽን ቀንሺ» አለች ጉንቮር።

«ለምን እቀንሳለሁ?»

ጉንቮር ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ተመለከተች። ኡልሪካም ዓይኗን ተከትላ ተመለከተች። ከጉንቮር ባለ ፀጉር ቦት ጫማ አጠገብ አንድ ጥንድ ግራጫ ስኒከር ተቀምጧል፤ ትልቅ፣ የወንድ። የሁለቱም ተረከዝ ወደ ውስጥ ተረግጦ ጠፍጥፏል። ክሩን ሳይፈታ እግሩን እየሰነቀረ የሚገባ ሰው ጫማ ነው። ኡልሪካ በዚህ ተረከዝ ጉዳይ ስንት ዓመት ጨቅጭቃለች፤ ዛሬ ጠዋትም ጨቅጭቃለች። ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳችው። ውስጡ ገና አልደረቀም፣ ርጥብ ነው። ጫማውን እንደያዘች የተናገረችው ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ ተመልሶ መጣ፤ ምን ዓይነት እናት ናት ያለችውም ጭምር። ፊቷ እሳት ሆነ።

ጉንቮር በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፈተችው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ላይ የጄራኒየም አበባ፣ ጠረጴዛው ላይ በአበባ ያጌጠ የፕላስቲክ ጨርቅ። ሜልከር ጃኬቱን ሳያወልቅ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ግማሹ የተበላ አይብ ያለበት ዳቦ አለ። ቀና አላለም። ኡልሪካ እናት ናትና አፏ ላይ የመጣላትን አለች፤ የመጣላት ደግሞ ከሁሉም የማይረባው ነበር።

«ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

ሜልከር ዳቦውን በጣቱ ገፋ አደረገው። ጉንቮር ሬዲዮውን ዘጋች፤ ከዘጋችው በኋላ ግን ባልዘጋሁት ያለች ትመስል ነበር። ግድግዳው ውስጥ ውሃ ሲወርድ ተሰማ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ኡልሪካ።

«ምኑን ልንገርሽ? አውቀሽ የለም እንዴ።»

«እኔ? ምኑን ነው የማውቀው?»

«እናውቃለን ብለሽ ጽፈሻል እኮ።» ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻላት ነበር። «ያንቺ አጻጻፍ ነው፤ እንዴት ይጠፋኛል? በአክብሮት ብለሽ ስትጽፊ ተናደሽ ነው። ታውቃለህ ብላ ለኔ ነው የጻፈችው አልኩ። ማታ ደግሞ መጣሁ፤ ፓስታ ሠርተሻል፤ ምንም አላልሽም። በቃ፣ በወረቀት ነግራኛለች፣ ሌላ የምትለው የላትም ብዬ ተውኩት።»

ኡልሪካ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አይ፣ እንዲህ አይደለም፣ እንዴት እንደዚያ ታስባለህ ልትል ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚያስብ ገባት። የራሷ ቤት ማቀዝቀዣ በር በወረቀት የተሞላ ነው። «ሾርባ አለ፣ አሙቀህ ብላ።» «ሻወሩን የተጠቀመ ያጽዳ።» «ዛሬ ስብሰባ አለኝ፣ አትጠብቀኝ።» ሁለት ሰው ብቻ በሚኖርበት ቤት «የተጠቀመ ያጽዳ» ማለት ማንን እንደሆነ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ልጁ በወረቀት ሲነገረው ነው ያደገው፤ ይሄኛውም ከእነዚያ አንዱ ነው የመሰለው።

«እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እንደዛው ነው የመሰለኝ» አለች ጉንቮር፣ ጀርባዋን ለእቃ ማጠቢያው ሰጥታ እንደቆመች። «ኮሚቴው አንቺ ነሽ። የገዛ ልጇን አውቃ ነው ያስወጣችው፣ ደግ ሰው አይደለችም አልኩ። ብናገር ደግሞ በሰው ቤት ጉዳይ ምን አገባኝ። ሰኞ ጠዋት ብስክሌት ማቆሚያው ውስጥ ጓንት እንኳን ሳያደርግ ተቀምጦ አገኘሁት። ወዴት ልትሄድ ነው ስለው፣ የትም አለኝ። አባባሉን አልወደድኩትም። ወንድሜም እንደዛ ብሎኝ ያውቃል፤ ተከትዬው አልሄድኩም፤ በሕይወት አልተመለሰም። ስለዚህ ግባ አልኩት።»

ሜልከር ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆለፈ። ቤዝመንቱን ለምን እንደመረጠ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ቤት እንዳይመለስ እናቱ ወጥ ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁሉም ሰው ለመኖር የሚያስፈልገውን ነገር የሆነ ቀን የተማረ ይመስለዋል፤ እሱ ያን ቀን የቀረ። እዚያ ታች ግን ይሞቃል፣ ማሽኑ ይጮኻል። «ማሽኑ ሲዞር ሐሳቤን አልሰማውም» አለ። ብዙ ስላወራ የደነገጠ ይመስል ወዲያው አገጩን ጃኬቱ ውስጥ ቀበረ።

ኡልሪካ ኖቬምበር ትዝ አላት። አንድ ማታ በሯ ላይ ቆሞ «እማ፣ አልቻልኩም» ብሏት ነበር። ኮምፒውተሯ ተከፍቷል፤ የአንድ ሰው የጋራዥ ፕላን ላይ ናት። «በኖቬምበር ማን የቻለ አለ?» አለችው፣ ቀና ሳትል። በዚያ ወር በዚህ ከተማ ከሰዓት ሳያልፍ ይጨልማል፤ ደክሞኛል የማይል የለም፤ ደክሞኛል ማለት ሰላምታ ነው። በማግስቱ ከፋርማሲ ቫይታሚን ዲ ገዛችለት፤ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጥ፣ በጨለማው ወራት የፀሐይን ብርሃን የሚተካ መብራትም አዘዘችለት፤ ርካሽ አልነበረም። ወረቀት ላይ «ጠዋት ጠዋት አብራው» ብላ ጽፋ ለጠፈችበት። አደረግሁለት ብላ ነበር። ሁሉም ሰው ልጁን በዚህ ነው የሚያክመው። «አልቻልኩም» ያለውን ግን ምኑን ነው ያልቻልከው ብላ አልጠየቀችውም። 

ጉንቮር ጎንበስ ብላ በጆሮዋ «ጠይቂው» አለቻት። «እኔ ልጠይቀው ልጠይቀው እያልኩ ሳምንቱን ዳቦ ነው ያበላሁት። ፈራሁ።»

ኡልሪካም ፈራች። ቃሉን ካወጣሁት ሐሳቡን እኔ ራሴ እጭንበታለሁ ብላ ፈራች። ለስብሰባ፣ ለማስታወቂያ፣ ለአቤቱታ ቃል አጥታ የማታውቀው ሴትዮ ምላሷ ታሰረ። ከዚያ ዳቦውን ወደ ጎን አድርጋ፣ የልጇን እጅ ሳትይዝ፣ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ እጇን ዘረጋች።

«ሜልከር፣ መሞት ትፈልጋለህ?»

ጉንቮር ወደ መስኮቱ ዞረች።  ኡልሪካ ይስቅብኛል፣ ይቆጣኛል፣ ተነስቶ ይሄዳል ብላ ነበር፤ አንዱንም አላደረገም። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየ።

«ሁልጊዜ አይደለም» አለ።

ኡልሪካ ማልቀስ ፈለገች፤ ግን አሁን ካለቀሰች እሱ ሊያባብላት ነው፤ ያንን ዕዳ አትጨምርበትም። ስልኳን አወጣች። «ፖሊስ ነው?» አላት፤ «አይደለም፣ ሐኪም ቤት ነው፤ አብረን ነው የምንሄደው» አለችው። ስልኩን ያነሳችው ነርስ ረጋ ያለች ነበረች፤ ብቻውን እንዳትተዉት፣ ዛሬውኑ አምጡት አለች። ኡልሪካ ለአለቃዋ ዛሬ አልሠራም ብላ አጭር መልእክት ላከች፤ ምክንያቱን አልጻፈችም። ሜልከር ስኒከሩን፣ ክሩን ሳይፈታ፣ ተረከዙን ረግጦ ተጫማ። እናቱ አየችና ኮፍያውን ብቻ አነሳችለት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ጉንቮርም ትምጣ» አለ።

«እኔ ምን ልሠራ?» አለች ጉንቮር፤ ኮቷን ግን ለብሳ ጨርሳለች።

መኪናው በረዶ ጠጥቶ ነበር፤ ኡልሪካ መስታወቱን ስትፍቅ ጣቶቿ ደነዘዙ። መንገድ ላይ ጉንቮር የመቀመጫው ቀበቶ አንገቴን አነቀኝ ብላ አጉረመረመች፤ ሜልከርም እጁን ሰዶ አስተካከለላት። ኡልሪካ በመስታወት አየቻቸው። ይህን ልጅ አሁን ያየሁትን ያህል እንኳን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው ብላ አሰበችና መንገዱ ላይ አተኮረች።

የአእምሮ ሕክምና ድንገተኛ ክፍሉ መጠበቂያ ውስጥ ሰው ብዙም አልነበረም። አንዲት ሴት ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ተደግፋለች፤ አንድ አባት ስልኩን አይሉት ወለሉን ያያል። እንግዳ ተቀባይዋ ከመስታወቱ ጀርባ የሜልከርን የመታወቂያ ቁጥር መዘገበች። ኡልሪካ «እናቱ ነኝ» አለች። ሴትየዋ በትሕትና ፈገግ አለችላት፤ ከዚያ ግን ጥያቄውን ለሜልከር ነው ያቀረበችው።

«ዐሥራ ስምንት ሞልቶሃል፤ አብሮህ ሰው እንዲገባ ትፈልጋለህ?»

«ጉንቮር» አለ።

ጉንቮር ደነገጠች። «እኔ እኮ ጎረቤት ነኝ» አለች፤ ለእንግዳ ተቀባይዋ ይሁን ለኡልሪካ አልታወቀም። ኡልሪካ እኔ ነኝ የወለድኩት ብላ መጮህ አምሯት ነበር። ሕጉን ስታውቀው ኖራለች፤ ሲደርስባት ግን አንገት ላይ እንደሚያርፍ አላወቀችም። ደግሞም ሕጉ አይደለም ያስቀራት፤ ልጁ ነው። «ግቢለት» አለች ለጉንቮር። «እባክሽ ግቢለት።» አሮጊቷ ቦርሳዋን ሁለት እጇ ላይ ይዛ ተከተለችው፤ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ኡልሪካ የልጇን ኮፍያ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጥፋተኛ ነኝ ብላ ማሰብ እንኳን ቀላል መስሎ ታያት፤ ጥፋተኛ ነኝ የሚል ሰው ቢያንስ ስለ ራሱ ነው የሚያስበው። ማሰብ የፈለገችው ስለ እሱ ነበር፤ ስለ እሱ ግን የምታስበው ነገር አጣች። ምን እንደሚያዳምጥ፣ ማታ መቼ እንደሚተኛ፣ ጓደኛ የሚባል ካለው ስሙ ማን እንደሆነ አታውቅም። የምታውቀው ጫማውን ነው። አንዴ ተነስታ ውሃ ጠጣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሲቆይ ሲቆይ አንዲት ወጣት ነርስ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ሜልከር ከእናቱ ጋር እንድንነጋገር ፈቅዷል፤ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅሽ ነው አለች። ብዕሯን አዘጋጀች።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሽበት መቼ ነው? እንደተጨነቀ፣ እንደተለወጠ ማለቴ ነው።»

መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ከኖቬምበር ጀምሮ፣ ደክሞኛል ይል ነበር፣ ቫይታሚን ገዛሁለት፣ መብራት አዘዝኩለት። ሁሉም እውነት ነው፤ ተደርድሮ ሲነገር ልጇን ዓይን ዓይኑን ስታይ የከረመች እናት ያስመስላታል። ነርሷም አምናት ትጽፈው ነበር። ኡልሪካ ግን ያን ሁሉ ተወችው።

«ዛሬ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁበት።»

ነርሷ ብዕሩን እንደያዘች ጠበቀቻት።

«እሱ ግን ከዚያ በፊት ነግሮኛል። አልቻልኩም ብሎኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት። ከዚያም ሳላውቅ የሚሞቅበትን ቦታ ዘጋሁበት።»

ነርሷ ብዕሯን ከደነች። «ይህን ለሱ ብነግረው ቅር ይልሻል?» ብላ ጠየቀቻት፤ ኡልሪካ አንገቷን ነቅንቃ አይለኝም አለች። ነርሷ ተመልሳ ገባች። ኮሪደሩ ላይ የምሳ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ፤ ጫማዋን ያወለቀችው ሴት ተጠርታ ገባች። ከዚያ በሩ ተከፍቶ ነርሷ ግማሽ ሰውነቷን አወጣች።

«ነግሬዋለሁ» አለች። «ራሷ ትንገረኝ ነው ያለው።»

ኡልሪካ ብድግ አለች።